ሳሎን የሚባለው ተመልካች

ጥቅምት 6

ዛሬም የሙሽሮች ቪዲዮ ስቆርጥ ዋልኩ። አለቃዬ ከጀርባዬ ቆመና "አክስትየዋን ቁረጫት" አለኝ። የሙሽራዋን አክስት ነው። ጭፈራው ላይ ካሜራውን አልለቅ ብላለች። ቆረጥኳት። ስቱዲዮ ውስጥ ይህን ሰው "ቁረጪው" ነው የምንለው፤ ከዚህ ሌላ ቃል ከአፉ ሲወጣ የሰማ የለም።

ቤት እንደገባሁ ጋሼ ደወለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ቪዲዮው ይቆማል። ክብ ነገር ሲሽከረከር ብቻ ነው የማየው።" ታላቅ ወንድም ሲሆኑና ሩቅ አገር ሲኖሩ "እንዴት ዋላችሁ" ማለት ይቀራል መሰለኝ።

እውነቱን ነው ግን። ኮሪደሩ ላይ ከጫማ መደርደሪያው ሥር ያለው የኮምፒውተር ማሽን አርጅቷል። የቤተሰቡ ቪዲዮ በሙሉ እሱ ላይ ነው... አንድ በአንድ የገለበጥኳቸው የአባዬ ካሴቶች፣ የጋሼ ሠርግ፣ የትንሿ ምርቃት፣ የድንቡሼ ልደቶች። (ትንሿ እህቴ ናት። ድንቡሼ ልጇ።) ይልኩልኛል፣ አስገባለሁ፣ ሁሉም በየቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ይከፍታል። ይህን የሚያሠራው ሚዲያ ሰርቨር የሚሉት ፕሮግራም ምልክቱ አውራ ዶሮ ስለሆነ እማዬ "ዶሮው" ነው የምትለው። "ዶሮው ዛሬ አልከፈት አለኝ" ስትል ጎረቤት ምን ይላል?

ሌሎችም አሉ። ላወዳድራቸው። ከሠርግ ይሻላል።

ጥቅምት 9

ሦስቱን ጎን ለጎን ጫንኳቸው። ዶሮው፣ ቁልፉ፣ ጀልባው፤ ሁሉንም በምልክታቸው ነው የምጠራቸው።

ቁልፉ ሲያዩት ያምራል። ግን የአባዬን ካሴቶች የሲኒማ ፊልም መሰሉት፤ ከኢንተርኔት ፖስተር ፈልጎ ለጠፈላቸው። የአባዬ የጡረታ ሽኝት ላይ ሽጉጥ የደገነ ሰው ቆሟል። እማዬ በሳቅ ፈረሰች። "አባታችሁ እኮ በረሮ እንኳ ሲገድል ይቅርታ ይጠይቅ ነበር!" ቁልፉ ወደቀ።

ጀልባው ነፃ ነው። ነፃ የሆነበት ምክንያት ሁሉን ነገር አንቺው ሥሪው ስለሚል ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱ ስምና የራሱ የይለፍ ቃል ይኑረው ይላል። ማን በየትኛው ቴሌቪዥን እንደገባ ፊት ለፊት ያሳያል፣ ያልፈለጉትን ማስወጣት ይቻላል። ለእማዬ ሳስረዳት ፊቷ ተለወጠ።

"በአንድ ቤት ስንት በር ልታወጪ ነው? ባዕድ ነን እንዴ?"

እስካሁን ሁላችንም የምንገባው በእሷ ስም ነው። አንድ ስም፣ አንድ የይለፍ ቃል፤ እሱም የአባዬ ስም። ደስ የሚላት ይኸው ነው። ልጆቿ የትም ይሁኑ የት በእሷ ስም ሲገቡ።

ዶሮው ቀላል ነው። ሳይነኩት ይከፈታል። የእማዬ ድምፅ ለዶሮው ሆነ።

ትንሿ አዲስ ቪዲዮ ላከች። ድንቡሼ የመጀመሪያ ጥርሷ ወለቀ! ብርሃን እንዲገባላት መስኮቱ ጋ ቆማ፣ አፏን በጣቷ ለጥጣ፣ "አክስትዬ ቀዳዳዬን እዪልኝ" ትላለች። ወዲያው አስገባሁት። እማዬ እየደጋገመች አየችው።

ጥቅምት 12



ስንት ሰው ባንዴ እንደሚያይ ለጋሼ ልነግረው ብዬ የዶሮውን የአስተዳዳሪ ገጽ ከፈትኩ። ከተከልኩት ወዲህ ዞር ብዬ አይቼው አላውቅም። "አሁን በማየት ላይ" ይላል። ከሥሩ...

እማዬ። ሳሎን። የድንቡሼ ጥርስ። ቆሟል።

"እማዬ፣ የድንቡሼን እያየሽ ነው?"

"ምስር እየለቀምኩ!" አለች ከኩሽና።

ቴሌቪዥናችን ጠፍቷል። ደግሞም የእኛን "እማዬ ክፍል" ብዬ ነው የሰየምኩት። የወንድሜን "ጋሼ"። ትንሿ አሁን ያለችበት ቤት ቴሌቪዥን የላትም። ታዲያ ሳሎን የማን ነው?

ሳሎን የትንሿ የድሮ ቤት ነው። የሰውዬው ቤት። ያን ቴሌቪዥን ያሰቀልኩት እኔ፣ ከዶሮው ጋር ያገናኘሁት እኔ፣ "ሳሎን" ብዬ የሰየምኩት እኔ።

ሰውዬው ባሏ ነበር። ስሙን ከቤታችን አውጥተነዋል። ትንሿ ልጇን ይዛ ካመለጠች ወራት አለፉ። ከጠበቃዋ ሌላ የት እንዳለች የምናውቀው እኔና እማዬ ብቻ ነን። የስልክ ቁጥር ቀየርን። የበራችንን ቁልፍ ቀየርን። የልጅቷን ትምህርት ቤት ቀየርን። ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የቀረውን ቴሌቪዥን ማን አሰበው? በእማዬ ስም እንደገባ እዚያው ተቀምጧል። ያስገባሁትን ሁሉ ሰውዬው ሲያይ ከርሟል።

ዶሮው የት ላይ እንዳቆመው ይጽፋል። እኔም እዚያው ላይ አቆምኩት። ድንቡሼ አፏን ከፍታለች። ከኋላዋ መስኮቱ። ከመንገዱ ማዶ የመድኃኒት ቤት ሰሌዳ። ስሙ ይነበባል። አጎላሁት... ስልክ ቁጥሩም ይነበባል።

ጥርሷን ለማየት አይደለም ያቆመው።

ጥቅምት 13

ወይስ ጥርሷን ነው? አባት ነው እኮ። የልጁ ጥርስ ሲወልቅ ማየት ያማረው አባት... እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳባብል ስቱዲዮ ደረስኩ። እዚያ ስቀመጥ ግን የትንሿ ክንድ ትዝ አለኝ። "በር መታኝ።" "ደረጃ አዳለጠኝ።" ስንት በርና ስንት ደረጃ ነበር ያ ቤት? ስትወጣ ያላትን ነግራኛለች። "የትም ብትገቢ አገኝሻለሁ። ያን ቀን ግን ለወሬ አልመጣም።" ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። በቀስታ ነው የሚናገረው። እኔን የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

የይለፍ ቃሉን ቀየርኩ። ገጹን መልሼ ሳይ... ሳሎን እዚያው አለ! ዶሮው አንዴ የገባን አያስወጣም። ማስወጫው ሌላ ቦታ ነው፤ "መሣሪያውን አስወግድ" ይላል። ጣቴን ላሳርፍ ስል ተውኩት። መጀመሪያ እሷ ትወቅ።

ከደረጃው ላይ ሆኜ ደወልኩ።

"እትዬ፣ ምነው በሥራ ሰዓት?"

ነገርኳት።

"እንዳትቆርጪው።"

"ምን?"

"ከቆረጥሽው እንዳወቅን ያውቃል። ያኔ ሳይውል ሳያድር ነው የሚመጣው። ሌላ ቪዲዮ እየጠበቀ ከሆነ ይጠብቅ።"

መልሳ ስትደውል ጠበቃዋን አነጋግራለች። ጠበቃዋም ይህንኑ ብላለች። የሚያስጠልሏት ቤት አለ፤ ክፍሉ የሚለቀቀው ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። እስከዚያ ሰውዬው ምንም እንዳይጠረጥር።

"እትዬ፣ አንቺ ታውቂበታለሽ። ሌላ ነገር ስጪው።"

እኔ? ጥላዬን አይቼ የምደነግጠው እኔ? ፈሪ ለእናቱ ይላሉ። ለእህቱስ?

ጥቅምት 15

የምሰጠው አገኘሁ። ትንሿ እንዳመለጠች ጠበቃዋ ያሳረፈቻት ሐይቅ ዳር ባለ ሌላ ከተማ ነበር። ያኔ የተቀረጸ አለ፤ ያላስገባሁት። ከኋላ የዚያ ከተማ ሆቴሎች ሰሌዳ ይታያል። ይሂድና እዚያ ይፈልጋት።

ጣጣው ጥርሱ ነው። ያኔ ድንቡሼ ጥርሷ ሙሉ ነበር። እንግዲህ ቆረጥኩ። ፈገግ ስትል ቆረጥኩ። ስታወራ ቆረጥኩ። የቀረው ጀርባዋ ነው... ስትሮጥ፣ ድንጋይ ስትወረውር፣ ጫማዋን ስታራግፍ። በምሳ ሰዓት ስቱዲዮ ሆኜ ስሠራ "ቁረጪው" መጣ።

"ይቺ ልጅ ፊት የላትም እንዴ? ደንበኛው ይጣላናል።"

"ደንበኛው ፊቷን እንዳያይ ነው" አልኩት። እንደ ቀልድ ቆጥሮት ስቆ ሄደ።

ማታ አስገባሁት። ለእማዬ ምንም አልነገርኳትም። ብነግራት እንቅልፍ የላትም። ደግሞ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ ሰውዬው አንድ ቀን ቢደውልላት? ያኔ "እናቴ" ነበር የሚላት።

ጥቅምት 16

ሳሎን ዛሬ አልገባም። ይህ ደግ ነው ወይስ ክፉ? ሽንት ቤት ሳይቀር ስልኬን ይዤ ነው የምገባው።

ጥቅምት 17

ሥራ ላይ ሳለሁ እማዬ ደወለች።

"አንቺ ልጅ፣ የድንቡሼ ጥርስ መልሶ በቀለ እንዴ?"

"የምን ጥርስ?"

"ይኸው ዶሮው ላይ ከሐይቁ ፊት እየሳቀች! ሙሉ ጥርስ! የልጅ ጥርስ እንዲህ ቶሎ ይበቅላል?"

ስትስቅ የሚያሳይ ምንም አላስቀረሁም። አንድም!

ከዚያ ገባኝ። ልማዴ ነው ጉድ የሠራኝ። ማንኛውንም ቪዲዮ ጥሬውን መጀመሪያ ማሽኑ ላይ እጥላለሁ፤ ከዚያ ቆርጬ በዚያው ስም እተካዋለሁ። ያን ዕለትም ጠዋት ጥሬውን ጥዬ ነው የወጣሁት። ዶሮው ለካ ወዲያው አንስቶ የሽፋን ሥዕል ወስዶለታል። ቪዲዮው ተተካ፤ ሽፋኑ ቀረ። ሰው ቴሌቪዥኑን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ሽፋኑን ነው።

በስልኬ ገጹን ከፈትኩ። ሳሎን ጠዋት ገብቷል። አዲሱን አልነካውም። ሽፋኑ ላይ ሙሉ ጥርስ ካየ ለምን ይነካዋል? ቀጥታ ወደ ጥርሱ ቪዲዮ ሄዷል። መስኮቱ ላይ አቁሟል። ከዚያ ወጥቷል።

ከዶሮው ነው የወጣው ወይስ ከቤቱ?

ትንሿ ጋ ደወልኩ። አታነሳም። ደገምኩ። አታነሳም። የደረጃውን ብረት ይዤ ቆሜያለሁ። ስታነሳ ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ይሰማል፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ናት።

"ድንቡሼን ይዘሽ ሂጂ። ወደ ቤት አትመለሺ።"

"ልብሷ እኮ..."

"ልብስ ይገዛል!"

"እትዬ ምን ሆነ?"

"እንዳታለልነው አውቋል። ሂጂ ብዬሻለሁ፣ ሂጂ!"

ጩኸቴን ሰምተው ሁሉም ወጡ። "ቁረጪው" አየኝ። "አንቺም ሂጂ፣ ሙሽሮቹን እኔ እጨርሳቸዋለሁ" አለኝ። ብሄድስ ወዴት ነው የምሄደው? ቤት መጣሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ መስኮቱን አይቼ መልሼ አየሁ። እማዬ "ምን ሆነሻል?" ትላለች። "ራሴን አሞኛል።"

ጠበቃዋ መልእክት ላከች። አግኝታቸዋለች። አብረዋት ናቸው።

ጥቅምት 18

የትንሿ አከራይ ደወለችልኝ። ያወራችውን እንዳለ ልጻፈው፤ ነገ ራሴን "አጋነንሽው" እንዳልል።

ትናንት አመሻሽ ላይ አንድ ሰው መድኃኒት ቤቱ ገባ። ንጹሕ ልብስ የለበሰ፣ ትሑት። ስልኩ ላይ ፎቶ አሳየ፤ ከቴሌቪዥን ላይ የተነሳ። አፏን የከፈተች ልጅና መስኮት። "ሰሌዳችሁ ከየትኛው ቤት ነው እንዲህ የሚታየው?" ባለ መድኃኒት ቤቱ ደግ ሰው ነው። አብሮት ደጅ ወጣ፣ ከፎቶው ጋር እያስተያየ ፈለገለት፣ በጣቱ አሳየው።

ሰውዬው ደረጃውን ወጥቶ በሩን አንኳኳ። አከራይዋ "ለቀዋል" አለችው። እንዳላመናት ያስታውቃል። ደረጃው ላይ ተቀመጠ። እስኪጨልም ተቀመጠ። ሲሄድ ከቦርሳው አሻንጉሊት አውጥቶ በሩ ላይ አስቀመጠ።

"ለጥርሷ ነው" አለ።

"እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው" አለችኝ አከራይዋ።

ጥቅምት 20

ለእማዬ ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። የወጥ ቤት ጨርቅ ጭኗ ላይ እያጠፈች፣ እየዘረጋች ሰማችኝ።

"እኔ ነኝ። አንድ ስም ይበቃናል ያልኩት እኔ ነኝ።"

"አንቺ ስለ ጥርሷ ባትጠይቂኝ ኖሮ ቤት ውስጥ ነበር የሚያገኛት" አልኳት። እውነት ነው። እውነቱ ግን አላጽናናትም። አቀፍኳት። ስንት ዓመት ሆኖኛል እናቴን ካቀፍኩ?

ጠበቃዋ ገጹን በሙሉ ፎቶ አንስታ ለመረጃ ያዘች። ከዚያ "አሁን" አለችኝ። "መሣሪያውን አስወግድ" የሚለውን ተጫንኩ። ሳሎን ጠፋ። ለዚህች አንዲት ንክኪ ነበር ይህ ሁሉ።

ፖሊሶችም ሄደው አነጋገሩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። መልሱን ጠበቃዋ ነገረችኝ። "በራሴ ሳሎን፣ በራሴ ቴሌቪዥን፣ የራሴን ልጅ ማየት ወንጀል ነው?" ድምፁን ሳያነሳ ነው ያለው፤ ሳልሰማው አውቀዋለሁ።

ጥቅምት 27

ዶሮውን አጠፋሁት። ቁልፉንም። ጀልባው ቀረ።

ጋሼ ጮኸብኝ። "እንዴት ለእኔ አይነገረኝም?" ከዚያ አፍንጫውን ሲጠርግ ሰማሁት። "ለእኔም የራሴን ስም አውጪልኝ" አለ። ጀልባውን በስልክ ሳስገባው ለመጀመሪያ ጊዜ አልተከራከረኝም። የሚሽከረከረው ክብ አሁንም አለ ግን። "ይሽከርከር" አለኝ።

ኅዳር 11

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ስቱዲዮ የማላውቃቸው ሰዎች ሠርግ ስቆርጥ መስኮት ባየሁ ቁጥር እጄ ይቆማል። ከመስኮቱ ማዶ ምን ይነበባል? ዛሬ የአንዷን ሙሽራ ሰገነት ሙሉ በሙሉ አወጣሁት።

ትንሿ በጠበቃዋ ስልክ ደወለች። የተጠለሉበትን ቦታ ልትነግረኝ ጀመረች፣ "እዚህ እኮ እትዬ..."

"እንዳትነግሪኝ!"

"ለምን?"

"አልፈልግም። ካወቅሁ ፊቴ ላይ ይነበባል። እማዬም ትጠይቀኛለች። እንዳትነግሪኝ።"

"እሺ" አለች፣ ቀስ ብላ። እህቴ የት እንደምታድር አለማወቅን ለምኜ አገኘሁት።

ታኅሣሥ 3

ቪዲዮ መጣ፤ በጠበቃዋ በኩል። ከድንቡሼ ኋላ ነጭ አንሶላ ተወጥሯል። ጫፉን የያዘች የትንሿ ጣት ትታያለች። ልጅቷ ቀጥ ብላ ቆማ ፊደል ትቆጥራለች። ሳትሳሳት። አድጋለች።

እየቆጠርኩ በየምስሉ ሄድኩበት። ግድግዳ የለም፣ መስኮት የለም፣ ጥላ እንኳ የለም። ልጨርስ ስል ከውጭ የድምፅ ማጉያ ሰማሁ። የሆነ ቦታ ስም የሚጠራ ነው... ስሙን ሳልሰማ ድምፁን ቆረጥኩት። ሁሉንም። ጥሬውን ማሽኑ ላይ አልጣልኩም። ሽፋኑንም ራሴ መረጥኩለት፤ አንሶላውን ብቻ።

እማዬ አሁን የራሷ ስምና የራሷ የይለፍ ቁጥር አላት። ቁጥሩን ለራሷ እያነበነበች በአንድ ጣቷ ትነካለች። ስልኳ ላይ ከፍታ አየችው።

"ድምፅ የለውም እኮ።"

"የለውም።"

"ልጄ ምን እያለች ነው?"

"ፊደል እየቆጠረች ነው እማዬ። ጨርሳዋለች።"

"የት ናቸው?"

"አላውቅም።"

ዓይኔን አየችው። እውነቴን መሆኑን አወቀች። አንገቷን ነቅንቃ ወደ ክፍሏ ገባች።

እኔ ኮሪደሩ ላይ ማሽኑ ጋ ተቀምጫለሁ። የጀልባውን ገጽ ከፍቼ እያየሁ ነው። "አሁን በማየት ላይ" ይላል። አንድ ሰው ብቻ። እማዬ፤ እማዬ ክፍል፤ ድንቡሼ ፊደል። ሲያልቅ እንደገና ይጀምራል። ሲያልቅ እንደገና።

ስሟን እያየሁ ተነሳሁ። ሄጄ በሩን ቀስ ብዬ ገፋ አደረግሁት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፣ ሪሞቱ እጇ ላይ ነው፣ ከልጅቷ ከንፈር ጋር ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች።

እሷ ናት።

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ሄጄ አየኋት።